የጃማይካ ባህላዊ ምግብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጃማይካ ማዕድ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጃማይካ ምግብ ሲባል ምን ምን ያጠቃልላል?

በኮኮናት ወተት ከቀይ ቦሎቄ ጋር የበሰለ ሩዝ፣ ጀርክ የሚባለው በእንጨት ጢስ የተጠበሰ ቅመም የበዛበት ዶሮና አሳማ፣ የፍየል ካሪ፣ አኪ ከሚባል ፍሬ ጋር የሚሠራ የጨው ዓሣ፣ የተቀቀለ ቦዬና ጎደሬ፣ ከካሳቫ የሚጋገር ቂጣ። ቦዬን፣ ጎደሬንና ያልበሰለ ሙዝን ጃማይካውያን በአንድነት «ጠንካራ ምግብ» ይሏቸዋል። ሆድ የሚይዘውና ለሥራ የሚያቆመው እሱ ነው።

የደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች ታይኖዎች ነበሩ፤ ካሳቫና ቃሪያ የእነሱ ናቸው። ኮሎምበስ በ1494 ከደረሰ በኋላ ስፔናውያን ፍየል፣ አሳማ፣ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ አመጡ። በ1655 እንግሊዞች ደሴቲቱን ነጥቀው በስኳር እርሻ ሸፈኗት፤ ለእርሻውም ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት አጋዙ። ባርነት በ1838 ፈጽሞ ሲቀር ደግሞ ህንዶችና ቻይናውያን በኮንትራት ሠራተኝነት መጡ። የአገሪቱ መፈክር «ከብዙዎች አንድ ሕዝብ» የሚለውም ለዚህ ነው። ስለ ምግቡ ስናወራ ግን ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ፦ እህሉና ቅመሙ ከየአህጉሩ ቢመጣም፣ ድስቱን ያማሰለው እጅ በአብዛኛው በባርነት የተያዘች አፍሪካዊት እጅ ነበር። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያች እጅ ይመለሳል።

በጣም ያቃጥላል?

በበርበሬና በሚጥሚጣ ላደገ ሰው አያስፈራም። የማቃጠሉ ምንጭ ስኮች ቦኔት የሚባል ቢጫና ቀይ የቃሪያ ዓይነት ነው። ክብና የተጨማደደ ስለሆነ ስሙን ያገኘው የስኮትላንድ ገበሬዎች ከሚያደርጉት ቆብ ነው። ከእኛ አረንጓዴ ቃሪያ በብዙ እጥፍ ያቃጥላል፤ ነገር ግን እንደ በሰለ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ ሽታ አለው፣ የሚፈለገውም ከማቃጠሉ ይልቅ ሽታው ነው። ስለዚህ በሩዝና በሾርባ ውስጥ ሳይቆረጥ እንዳለ ይጨመራል፣ ሳይፈነዳ ይወጣል። የሚያቃጥለው ተፈጭቶ ሲገባ ነው፤ ለምሳሌ በጀርክ።

ብሔራዊ ምግባቸው ምንድን ነው?

አኪ በጨው ዓሣ ነው። አኪ ውጪው ቀይ የሆነ ፍሬ ነው። ሲበስል እዛፉ ላይ እንዳለ ሦስት ቦታ ይከፈትና የሚያብረቀርቁ ሦስት ጥቁር ዘሮች ብቅ ይላሉ። የሚበላው ከዘሩ ሥር ያለው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጣ ያለ ቢጫ ሥጋ ነው። ይቀቀልና ቀደም ብሎ ተዘፍዝፎ ጨው ከወጣለት ዓሣ፣ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከጦስኝና ከቁንዶ በርበሬ ጋር በዘይት ይመታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የእንቁላል ፍርፍር ይመስለዋል። ጃማይካውያን በብዛት የሚበሉት ቁርስ ላይ ነው።

ዛፉ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ስሙም ጋና ውስጥ ከሚነገረው ከአካን ቋንቋ የተወሰደ ነው። ጃማይካ የደረሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የባሪያ መርከቦች በሚመላለሱበት ዘመን ነው። ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ፍሬ ነው።

አኪ ይመርዛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቀልድም የለበትም። ያልበሰለ አኪ ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ አለው። መርዙ ጉበት ስኳር እንዳያመርት ስለሚያግደው የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፤ ብርቱ ትውከት ይከተላል፣ ሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ሕመሙ በሕክምና መጻሕፍት «የጃማይካ የትውከት በሽታ» ተብሎ ይታወቃል።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ፍሬው በራሱ ጊዜ እዛፉ ላይ እስኪከፈት ይጠበቃል፤ በእጅ አስገድዶ መክፈት ክልክል ነው። ዘሩና በሥጋው መሐል ያለው ቀይ ሽፋን ይጣላል፣ የተቀቀለበት ውሃም ይደፋል። አሜሪካ ከ1973 እስከ 2000 አኪ ወደ አገሯ እንዳይገባ አግዳ ነበር፤ አሁንም የምታስገባው ተመርምረው ፈቃድ ያገኙ ፋብሪካዎች ያሸጉትን ብቻ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ የታሸገውን ግዙ። ትኩሱን ፍሬ ግን ከሚያውቅ ሰው እጅ ካልሆነ አትንኩት።

ባሕር የከበባት ደሴት ለምን ከሩቅ የመጣ የጨው ዓሣ ትበላለች?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው የባርነትን ኢኮኖሚ እየጠየቀ ነው። የጨው ዓሣ የሚሠራው ኮድ ከሚባል የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው፤ የሚጠመደውም በሰሜን አትላንቲክ፣ በዛሬዋ ካናዳ በኒውፋውንድላንድ አካባቢ ነው። ጥሩ ጥሩው ለአውሮፓ ገበያ ይሸጥ ነበር። የተሰባበረው፣ ጨው የበዛበት፣ በደንብ ያልደረቀው ተለይቶ ወደ ካሪቢያን ይላክ ነበር። ከዚያ የሚመለሱት መርከቦች ደግሞ ስኳር፣ ሞላሰስና ረም ይጭናሉ። ለእርሻው ባለቤቶች ስሌቱ ቀላል ነበር፤ በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ዓሣ እንዲያጠምዱ ጊዜ ከመስጠት ርካሽ፣ የማይበላሽ ዓሣ ገዝቶ መስፈር ያዋጣቸው ነበር።

በባርነት የተያዙት ሰዎች ያንን የተናቀ ዓሣ ወስደው፣ ጨውን በውሃ አውጥተው፣ ከገዛ አህጉራቸው ከመጣ ፍሬ ጋር አዋሕደው ዛሬ አገር የሚኮራበትን ምግብ ሠሩ። ካናዳ ዓሣው በመመናመኑ በ1992 የኮድ ማጥመድን ካገደች በኋላ የድሃ ስፍር የነበረው ነገር ተወደደ። አሁን በብዙ ሱቅ «የጨው ዓሣ» ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነጭ ዓሣ ነው።

በባርነት ዘመን ሰዎቹ ከስፍሩ ሌላ ምን ይበሉ ነበር?

የጃማይካ ምግብ ልቡ ያለው እዚህ ነው። የእርሻ ባለቤቶች ለም የሆነውን ሜዳ ለሸንኮራ አገዳ ይዘው፣ ለአገዳ የማይሆነውን ተዳፋትና ድንጋያማ መሬት በባርነት ለያዟቸው ሰዎች «እህላችሁን ከዚህ አውጡ» ብለው ሰጧቸው። ሳምንቱን ሙሉ በአገዳ እርሻ ሲገረፉ የሰነበቱ ሰዎች እሑድ እሑድ ኮረብታ ወጥተው የራሳቸውን ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ባሚያ፣ የእርግብ አተርና ሙዝ ያለሙ ነበር። ከጓዳ የተረፈውን በእሑድ ገበያ ይሸጣሉ። ሰው በሕግ እንደ ዕቃ በሚቆጠርበት አገር ገንዘብ የሚይዙት፣ ዘመድ የሚያገኙት፣ ወሬ የሚለዋወጡት በዚያ ገበያ ነበር። የዛሬው የጃማይካ አነስተኛ ገበሬና የገበያ ነጋዴ ሴት ከዚያ ተዳፋት የወረዱ ናቸው።

ምላሳቸውም አልጠፋም። ጃማይካውያን በዕለት ንግግራቸው «መብላት» ለማለት «ኛም» ይላሉ፤ ቃሉ ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ዱክኑ የሚባል ምግብ አላቸው፤ የበቆሎ ዱቄት ወይም ስኳር ድንች ከኮኮናትና ከቅመም ጋር ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ይቀቀላል። ዶኮኖ የሚለው ስም ጋና ውስጥ ዛሬም አለ። በኮባ ቅጠል ዳቦ ስትጋግር ያደገች ኢትዮጵያዊት ያንን ጥቅል ስትፈታ የሚወጣው እንፋሎት እንግዳ አይሆንባትም።

የቦዬው ነገር በዚህ አያበቃም። በ2008 ዩሴን ቦልት በቤጂንግ ኦሎምፒክ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ አባቱ የልጃቸው ፍጥነት ምስጢር የትሬሎኒ ቦዬ ነው ብለው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ትሬሎኒ የቦልት የትውልድ አካባቢ ሲሆን በቢጫ ቦዬው የታወቀ ነው።

ጀርክ ከተራ ጥብስ በምን ይለያል?

በቅመሙና በእንጨቱ። ቅመሙ ስኮች ቦኔት፣ ቅጠል ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፒሜንቶ ነው። ፒሜንቶ የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ሲደርቅ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል፣ ሽታው ግን ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አንድ ላይ የተወቀጡ ያስመስለዋል። ሥጋው በዚህ ታሽቶ ያድርና በዚያው በፒሜንቶ ዛፍ እርጥብ እንጨት ላይ ተጋድሞ በዝግታ ይበስላል። ጢሱ ራሱ ቅመም ነው።

ታሪኩ የማሩኖች ነው። ማሩኖች ከባርነት አምልጠው በሰማያዊ ተራሮችና በኮክፒት አገር ጫካ የመሸጉ ሰዎች ናቸው። ከታይኖዎች በተማሩት መንገድ የዱር አሳማ በቅመምና በጨው አሽተው በጢስ ያደርቁ ነበር፤ እያደኑ፣ እየሸሹ፣ እየተዋጉ ለሚኖር ሰው የማይበላሽ ሥጋ ትልቅ ስንቅ ነው። እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ በ1739 የሰላም ውል ለመፈራረም ተገደዱ። ጀርክ የሚለው ቃል በስፔንኛ በኩል ከደቡብ አሜሪካ ነባር ቋንቋ ከኬችዋ የመጣ ሲሆን የደረቀ ሥጋ ማለት ነበር፤ የእኛ ቋንጣ ማለት ነው። ምግቡ ከጫካ ወጥቶ በመንገድ ዳር መሸጥ የጀመረው ፖርትላንድ ውስጥ ቦስተን ቤይ በሚባል የባሕር ዳርቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ሰው ለጀርክ ብሎ ወደዚያ ይጓዛል።

«ሩዝና አተር» ይሉታል፤ አተሩ ታዲያ የት አለ?

የለም፤ ቀይ ቦሎቄ ነው። ጃማይካውያን ቦሎቄንም አተርንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በገና ሰሞን ደግሞ ትኩስ የእርግብ አተር ስለሚደርስ ሩዙ በእሱ ይሠራል። በየቤቱ እሑድ የማይቀር ስለሆነ «የአገሪቱ ዓርማ» ብለው የሚጠሩት አሉ። ጋናውያንም ዋቼ የሚሉት በጣም የሚቀራረብ ሩዝ በአደንጓሬ አላቸው።

አሠራሩን ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስኒ ቦሎቄ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። በማግስቱ በነጭ ሽንኩርት ይቀቀላል፤ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስና ውሃው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም እስኪያደላ ድረስ። ያ ውሃ አይደፋም፣ የሩዙ ቀለም ከእሱ ነው። የኮኮናት ወተት፣ በቢላ ጀርባ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽንኩርት፣ ጥቂት የጦስኝ እንጨት፣ አምስት ስድስት የፒሜንቶ ፍሬ፣ ጨውና አንድ ሙሉ ስኮች ቦኔት ይጨመራል። ከዚያ ሁለት ስኒ የታጠበ ሩዝ ይገባል፤ ፈሳሹ ከሩዙ በላይ አንድ የጣት አንጓ ያህል መሆን አለበት። ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቶ እሳቱ ይቀነሳል።

ከዚህ በኋላ ማማሰል የለም። ክዳኑ ሲነሳ ቃሪያው ሩዙ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቆዳው ተወጥሮ ሳይፈነዳ ይገኛል፤ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ሩዙን በሹካ የምታንሱት ቃሪያው ከወጣ በኋላ ነው። ፈንድቶ ከሆነ ልጆች ያንን ሩዝ አይበሉትም።

የፍየል ካሪ የህንዶች ነው ወይስ የጃማይካ?

ከህንዶች መጥቶ ጃማይካዊ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ የህንድ ኮንትራት ሠራተኞች በግንቦት 1845 ብላንደል በምትባል መርከብ ኦልድ ሃርበር ቤይ ደረሱ። ነፃ የወጡት ጥቁሮች የገረፋቸውን እርሻ በርካሽ አንሠራም ሲሉ፣ ባለ እርሻዎቹ ከሩቅ ምሥራቅ ሌላ ርካሽ ጉልበት ፈለጉ ማለት ነው። እስከ 1917 ድረስ 36,000 ያህል ህንዶች መጥተዋል፤ ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። የካሪ ቅመምና ሮቲ የሚባለው ቂጣ ከእነሱ ጋር ይያያዛሉ።

የጃማይካው ካሪ እርድ የበዛበት ቢጫ ነው፤ ውስጡ ህንድ ቤት የማይገኙ ስኮች ቦኔት፣ ፒሜንቶና ጦስኝ አሉ። አብሳዮቹ ቅመሙን አስቀድመው በዘይት «ያቃጥሉታል»፤ ሽታው እስኪለወጥና ቀለሙ ጠቆር እስኪል ያቁላላሉ። እኛ ቁሌቱ ሳይበስል ውሃ አይጨመርም እንደምንለው መሆኑ ነው። የፍየል ካሪ የሠርግ፣ የልደትና የለቅሶ ምግብ ነው። ሰው ሲሞት ዘጠነኛው ሌሊት ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ በመዝሙርና በጨዋታ ያመሻል፤ ፍየል ይታረዳል፣ ከጭንቅላቱና ከሆድ ዕቃው ደግሞ ማኒሽ ዋተር የሚባል ሾርባ ይሠራል። ቻይናውያንም የራሳቸውን ጨምረዋል፤ ጃማይካውያን የሚወዱት ጠበቅ ያለ ነጭ ዳቦ ከእነሱ ዳቦ ቤቶች ጋር የተያያዘ ነው።

ፓቲ ሳምቡሳ ነው?

ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም። ፓቲ መሠረቱ የእንግሊዝ ማዕድን ሠራተኞች ይዘውት የሚወርዱት በሊጥ የተሸፈነ ሥጋ ነው፤ በጃማይካ ሊጡ በእርድ ወይም በካሪ ቢጫ ሆነ፣ ሥጋው በስኮች ቦኔትና በጦስኝ ተቀመመ። የሚጋገረው በምድጃ ነው፣ አይጠበስም። ተማሪዎች ለምሳ ኮኮ ዳቦ በሚባል ለስላሳ ዳቦ ውስጥ አድርገው ይበሉታል።

በ1985 የካናዳ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ቶሮንቶ ውስጥ ያሉ ጃማይካውያን ዳቦ ጋጋሪዎችን «ፓቲ ማለት የሃምበርገር ሥጋ ብቻ ነውና ስሙን ቀይሩ» አሏቸው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ እምቢ ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ «የጃማይካ ፓቲ» በሚለው ስም እንዲቀጥል ስምምነት ላይ ተደረሰ። አንድን ምግብ በስሙ ለመጥራት መከራከር ትንሽ ነገር አይደለም።

የዳቦ ፍሬ የሚባለው ከመርከብ አመፅ ጋር ምን አገናኘው?

የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ከሰሜን የሚመጣውን እህል ሲያቋርጥና በ1780ዎቹ ተደጋጋሚ አውሎ ነፋስ ሰብሉን ሲያጠፋ፣ ጃማይካ ውስጥ በባርነት ላይ የነበሩ ሰዎች በሺዎች በረሃብ አለቁ። ባለ እርሻዎቹ ያሰቡት ርካሽ መፍትሔ በፓሲፊክ ደሴቶች የሚበቅለውን የዳቦ ፍሬ ማምጣት ነበር። ካፒቴን ዊልያም ብላይ ባውንቲ በምትባለው መርከብ ከታሂቲ ችግኝ ጭኖ ሲመለስ፣ በ1789 መርከበኞቹ አመፁበት፤ እሱን በጀልባ ለቀቁት፣ ችግኙን ባሕር ውስጥ ጣሉት። በሌላ መርከብ ተመልሶ ሄዶ በ1793 መጀመሪያ ላይ ችግኙን ጃማይካ አደረሰ።

የመጣላቸው ሰዎች ግን መጀመሪያ ላይ አልበሉትም፤ ለአሳማ ሰጡት። ሳይጠየቁ የተመረጠላቸው ምግብ ነበርና አልፈርድባቸውም። ዛሬ ሙሉው ፍሬ ከሰል ላይ ተጥሎ ልጣጩ እስኪከስል ይጠበስና፣ ውስጡ እንደ ትኩስ ዳቦና እንደ ድንች ሆኖ ከአኪ ጋር ይቀርባል። የአኪ ሳይንሳዊ ስም ብላይን የሚያስታውስ መሆኑም ሌላው ግጥምጥሞሽ ነው፤ የአኪን ናሙና ወደ ለንደን የእፅዋት ማዕከል የወሰደው እሱ ነው።

በበዓል ምን ይበላሉ?

ለፋሲካ ቡን ይበላሉ፤ በሞላሰስ የጠቆረ፣ ቅመምና ዘቢብ ያለበት ረዥም ዳቦ ሲሆን በመሐሉ ወፍራም የቆርቆሮ አይብ ይገባል። መነሻው እንግሊዞች ለስቅለት የሚጋግሩት መስቀል ያለበት ትንሽ ዳቦ ነው። በስቅለት ዕለት ብዙዎች ሥጋ ትተው ዓሣ ይበላሉ። ተጠብሶ ትኩስ ኮምጣጤ፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ የሚፈስበት ኤስኮቪች ይባላል፤ እሱ ደግሞ የስፔናውያን ውርስ ነው። አብሮት የሚቀርበው ባሚ የተባለው የካሳቫ ቂጣ የታይኖዎች ነው።

ለገና ሶረል ይጠጣል፤ ይህን መጠጥ እኛ እናውቀዋለን፣ ከርከዴ ነው። ቀይ አበባው በፈላ ውሃ ከዝንጅብልና ከፒሜንቶ ጋር ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ተጠልሎ ስኳርና፣ ለሚፈልግ፣ ረም ይጨመርበታል። በከርከዴ ዝንጅብል አብዝታችሁ ሞክሩት፤ ሌላ መጠጥ ይሆናል።

ጃማይካውያን ሁሉ ራስታ ስለሆኑ ሥጋ አይበሉም?

አይደለም። ራስታዎች ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ናቸው፤ አብዛኛው ጃማይካዊ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው፣ ሥጋም ይበላል። ራስታዎቹ በቁጥር ትንሽ ቢሆኑም በምግብና በሙዚቃ ያሳደሩት ተጽዕኖ ግን ከቁጥራቸው በላይ ነው።

አይታል ከእኛ የጾም ምግብ ጋር አንድ ነው?

ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። አይታል የራስታዎች የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ቃሉ «ሕይወት ያለው» ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከ«ቫይታል» የመጣ ነው፤ ራስታዎች የቃሉን መነሻ ድምፅ በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት በሆነው «አይ» ተክተው ለራሳቸው አደረጉት። ሥጋ፣ የፋብሪካ ምግብና አልኮል አይገባበትም፤ አንዳንዶቹ ትንንሽ ዓሣ ይበላሉ፣ አሳማን ግን ማንም አይነካም። የሚጠቅሱት ኦሪት ዘፍጥረትን፣ ዘሌዋውያንንና በዘኍልቍ ያለውን የናዝራዊ ስእለት ነው። አሳማን በኦሪት ሥርዓት የማይነካ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልዩነቱ ጊዜና ጨው ነው። የእኛ ጾም ወቅት አለው፤ ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው ይታረዳል። አይታል ዕድሜ ልክ ነው። በጥብቅ የሚይዙት ደግሞ ጨው አይጨምሩም፤ በኮኮናት ወተት፣ በጦስኝና በቃሪያ ያጣፍጡታል። ጨውን መሸሽ በጃማይካ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ከባርነት ዘመን በወረደ አፈ ታሪክ፣ ጨው ያልቀመሱ አፍሪካውያን ክንፍ አውጥተው ወደ አገራቸው ይበራሉ፣ ጨው የበላ ግን ይከብድና ይቀራል። ሲሰፈርላቸው የነበረው ያ የጨው ዓሣ መሆኑን ስታስቡ፣ ድስት ውስጥ ጨው አለመጨመር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

የሚያገናኘን ነገር ግን ከተረት በላይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብራሉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና ንጉሠ ነገሥቱ ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጥተዋል፤ ጃማይካ ሰፈር የተባለው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከ1970 ጀምሮ ጃማይካ ውስጥ አለች፤ ስለዚህ እዚያም ዐቢይ ጾምን እንደ እኛ የሚጾሙ ጃማይካውያን አሉ።

የሰማያዊ ተራራ ቡና ከኢትዮጵያ ነው የሄደው?

ዘሩ አዎ፣ መንገዱ ግን ረዥም ነው። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን በሆላንዶች እጅ ወደ እስያና ወደ አምስተርዳም፣ ከዚያ በፈረንሳዮች በኩል ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሄደ። የጃማይካ ገዢ የነበረው ሰር ኒኮላስ ሎውስ በ1728 ከማርቲኒክ አስመጥቶ አስተከለው። ዛሬ እስከ 2,256 ሜትር በሚደርሱት ተራሮች ላይ ይለማል፤ በእንጨት በርሜል እየታሸገ ለዓመታት አብዛኛው ወደ ጃፓን ሲላክ ቆይቷል። ዋጋው የዓለም ውድ ከሚባሉት ነው። ለቡና ለቃሚው ግን እዚያም እንደ እዚህ ጥቂት ነው የሚደርሰው፤ ይህ ያናድደኛል።

አዲስ አበባ ሆኜ ልሠራው እችላለሁ?

ከአኪና ከፒሜንቶ እንጨት በስተቀር አብዛኛውን ትችላላችሁ። ለሩዙ ቀይ ቦሎቄ ሞልቷል፤ የኮኮናት ወተት በትልልቅ ሱቆች በቆርቆሮ ይሸጣል። የእኛ ጦስኝ ከእነሱ ጠንከር ስለሚል ግማሹን ብቻ አድርጉ። ፒሜንቶ ካጣችሁ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ በጥቂቱ አብራችሁ ውቀጡ፤ ቅርንፉዱ እንዳይበዛ ተጠንቀቁ፣ ሁሉን ይውጣል። በስኮች ቦኔት ፋንታ ሙሉ ቃሪያ ሳይሰነጠቅ ይገባል። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ጃማይካ ውስጥ አሉማ ነው፤ እንደ ጎመን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይመታል። ቦዬና ጎደሬ ከደቡብ የሚመጣላችሁ ከሆነ «ጠንካራ ምግቡ» ከእነሱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሆንም።

ውጭ አገር «ጀርክ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጀርክ ነው?

ክርክሩ የበረታበት ጥያቄ ነው። በ2018 አንድ ታዋቂ እንግሊዛዊ አብሳይ «ጀርክ ሩዝ» የሚል የታሸገ ምግብ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጃማይካዊ ሥር ያላቸው የፓርላማ አባል ሳይቀሩ በአደባባይ ተቃወሙት። ጀርክ የሥጋ አሠራር ነው፤ የሩዝ ጀርክ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዶች «ምግብ ባለቤት የለውም» ብለው ይከራከራሉ። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ማንም ሰው የፈለገውን ያብስል፤ ነገር ግን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በጫካ ያቆዩትን ስም አሠራሩን ጥሎ ስሙን ብቻ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

በለንደን፣ በቶሮንቶና በኒውዮርክ የሚኖሩ ጃማይካውያን ግን ያለ ፒሜንቶ እንጨት ይሠሩታል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት በርሜል ላይ፣ በከሰል። በኪንግስተን መንገዶችም ማታ ማታ የሚሸጠው ዶሮ እንዲሁ በበርሜል ነው። እንጨቱን ያላገኙት የፒሜንቶውን ፍሬ በውሃ ዘፍዝፈው ከሰሉ ላይ ይበትኑታል፤ የበርሜሉ ክዳን ሲዘጋ ጢሱ በጎንና በጎኑ ይወጣል።